ወንበሩን ማን አስገኘልን? ከፖከር ጠረጴዛ ስለ አሜሪካ ፖለቲካና ዘር

ክቡራትና ክቡራን፣

ካርታ በመጫወት የሚተዳደር ሰው በላስ ቬጋስ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰባችን መድረክ ላይ ቆሞ እንዲናገር ስለፈቀዳችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ሙያዬን ለሽማግሌዎቻችን በነገርኩ ቁጥር የሚከተለውን ዝምታ ስለማውቀው፣ ግብዣው በቦርዱ ውስጥ ጥቂት ክርክር ሳያስነሳ እንዳልቀረ እገምታለሁ። የመጣሁት ፖከርን ለማስተማርም ሆነ ለማስወደድ አይደለም፤ ልጆቻችሁን ከእሱ ብታርቁ አልቀየምም። የምናገረው በጠረጴዛው ዙሪያ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ስለ አሜሪካ ፖለቲካ፣ በተለይም ስለ ነጭና ጥቁር ጉዳይ ሳሰላስለው የቆየሁትን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በላስ ቬጋስ የፖከር ክፍሎች ውስጥ የዘር ነገር ሲነሳ አንዱ ተጫዋች ጣልቃ ገብቶ «ካርታ ቀለም አያውቅም» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። ዲለሩ በውዞ የሚያድለው ካርታ ለሐኪሙም ለታክሲ ነጂውም፣ ለነጩም ለጥቁሩም አንድ ነው፤ ከመነሻ ካርታዎች ሁሉ የሚበልጠው ጥንድ አስ በአማካይ ከ221 ዙር አንዴ ይደርሳል፣ ይህም ለማንም ተብሎ አይለወጥም። እኔም ይህን ጨዋታ የወደድኩት መጀመሪያ በዚህ ምክንያት ነበር።

ይሁን እንጂ ፖከር ካርታ ብቻ አይደለም። ውርርዱ ገደብ በሌለው ጨዋታ ላይ እኩል ችሎታ ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ 2,000 ዶላር፣ ሌላው 300 ዶላር ይዘው ቢቀመጡ፣ የሚታደሉት ካርታ አንድ ዓይነት ቢሆንም የሚጫወቱት ጨዋታ ይለያያል። ጥንድ አስ በጥንድ ንጉሥ የሚሸነፍበት አጋጣሚ ከመቶ 18 ጊዜ ያህል ይመጣል፤ ያ ቀን በመጣ ጊዜ 300 ዶላሩን ከባለ ብዙው ጋር የገጠመው ሰው ባዶ እጁን ተነስቶ ይወጣል፣ 2,000 የያዘው ግን ቢሸነፍ እንኳ ጥቂት ተበሳጭቶ የሚቀጥለውን ካርታ ይጠብቃል። እድል ውሎ አድሮ ይስተካከላል ሲባል፣ እስኪስተካከል ድረስ ወንበሩ ላይ ለመቆየት አቅም ላለው ሰው ማለት ነው።

የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ በ2022 ባደረገው የቤተሰብ ሀብት ጥናት የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት 285,000 ዶላር፣ የመካከለኛው ጥቁር ቤተሰብ ደግሞ 44,900 ዶላር ነበር። ስለ ደመወዝ አይደለም የምናገረው። ደመወዝ በየሁለት ሳምንቱ መጥቶ ያልቃል፤ ሀብት ግን መኪና ሲበላሽ፣ ሰው ሲታመም፣ ሥራ ሲጠፋ ቤተሰቡን ከጨዋታው እንዳይወጣ የሚያደርገው ነው። ይህ ክፍተት በእድል የመጣ እንዳልሆነ ደግሞ መዝገብ ይመሰክራል። በጥር 1865 ጄኔራል ሸርማን ለነጻ የወጡ ባሪያዎች 40፣ 40 ኤከር መሬት እንዲሰጥ አዘዘ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱ ለቀድሞ ባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረገ። የ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ከጡረታ ውጪ አደረገ፤ በደቡቡ የሚኖሩ ጥቁሮች በብዛት የተሰማሩት በእነዚሁ ሁለት ሥራዎች ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች የወጣው የ1944 ሕግ በወረቀት ላይ ቀለም ባይለይም፣ ብድሩን የሚሰጡት የየአካባቢው ባንኮች ስለነበሩ፣ በ1947 በሚሲሲፒ ከተሞች ዋስትና ከተሰጣቸው ከ3,200 በላይ የቤት፣ የንግድና የእርሻ ብድሮች ውስጥ ለጥቁሮች የደረሱት 2 ብቻ ነበሩ። ያ ቤት ዛሬ የልጅ ልጆች ውርስ ነው፣ ወይም አይደለም።

አሁን ደግሞ ራሴ ወዳየሁት ነገር ልምጣ። አንድ ምሽት መነሻ ውርርዱ 2 እና 5 ዶላር በሆነበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ነጭ አዛውንት ከግራዬ ተቀምጠዋል። እኔ አዲስ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ብዙም አልናገርም። ጥንድ ንግሥት ደርሶኝ ሦስት ጊዜ ገንዘብ ስጨምር አዛውንቱ ሦስቱንም ጊዜ ተከተሉኝ፤ መጨረሻ ላይ የገለጡት ጥንድ 6 ነበር። በእንደዚያ ያለ ደካማ ካርታ ያን ያህል ገንዘብ የሚከተል ሰው፣ ባላጋራው እያስፈራራ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አለበት። «ባዶህን መስለኸኝ ነበር» አሉ፤ በቁጣ አልነበረም።

ዲለር በየግማሽ ሰዓቱ ይቀየራልና፣ ትንሽ ቆይቶ የመጣችው ተረኛ የአገራችን ልጅ ሆነች። ካርታውን ከመበወዟ በፊት «ጋሼ፣ እንዴት አመሹ?» አለችኝ። አዛውንቱ ከየት አገር እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ። መድኃኒት የሚገዙበት ፋርማሲ ውስጥ ኢትዮጵያዊት እንዳለች፣ ሕዝባችን ጨዋና ታታሪ እንደሆነ፣ ልጆቻችንን እንደምናስተምር በሰፊው ተናገሩ። ከዚያም ቀጥለው፣ በመልካም ልብ፣ «አንተ እንደነሱ አይደለህም» አሉኝ። እነሱ የተባሉት እነማን እንደሆኑ ማብራሪያ አላስፈለገም። ከጥቂት ዙር በኋላ ምንም በሌለው ካርታ ያንኑ ያህል ገንዘብ ስጨምር ጥንድ ንጉሣቸውን ገልጠው አሳይተውኝ ጣሉ፤ አንተ ሳይኖርህ አታስገባም ሲሉ አሞገሱኝ።

ልብ በሉ፤ ፊቴም፣ የጨመርኩት ገንዘብም አልተለወጠም። የተለወጠው የተሰጠኝ ዋጋ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ስመስላቸው ውሸታም ነበርኩ፣ ሀበሻ መሆኔ ሲታወቅ ሐቀኛ ሆንኩ፤ የሚያስቀው ደግሞ በመጀመሪያው እውነቴን፣ በሁለተኛው ውሸቴን መሆኑ ነው። ለካርታ ተጫዋች ይህ ትርፍ ነው፣ አልደብቃችሁም፣ ቺፕሱን ሰብስቤ ወስጃለሁ። ይሁንና ያን የመሰለ ግምት ሥራ በሚቀጥር፣ ቤት በሚያከራይ ወይም መሣሪያ በታጠቀ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሲገኝ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ከጠረጴዛው ውጪ ደግሞ አነጋገሬ ከመሰማቱ በፊት ቀለሜ ይታያል። ከውድድር ያሸነፍኩትን ጥሬ ገንዘብ ይዤ ከካሊፎርኒያ ስመለስ አንድ የመንገድ ፖሊስ አስቁሞኝ ነበር። በዚህ አገር ፖሊስ ከወንጀል ጋር ይያያዛል ብሎ የጠረጠረውን ገንዘብ፣ ባለቤቱ በምንም ወንጀል ሳይከሰስ መያዝ የሚችልበት ሕግ በብዙ ቦታ አለ፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚሯሯጠው ባለቤቱ ነው። በፀሐይ አስፋልት ዳር ቆሜ፣ የውድድሩን ደረሰኝ እያሳየሁ፣ መኮንኑ ንግግሬን ሰምቶ አገሬን ሲጠይቀኝ፣ ከዚያም ድምፁ ሲለሰልስ ተመለከትኩ። ብዙዎቻችን ያ ልስላሴ ሲመጣ እፎይ ብለን እንሄዳለን። እኔም ሄድኩ። ግን ያ ልስላሴ እዚህ ተወልዶ ላደገ፣ አያቶቹ ይህን አገር በጉልበታቸው ለገነቡ ሰው የማይደርሰው ከሆነ፣ የኛ መልካም ስም ከእሱ ተቀንሶ የተሰጠን ነው ማለት ነው።

ይህን ለማስረዳት ከላስ ቬጋስ የተሻለ ከተማ አላውቅም። ይህች ከተማ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የምዕራቡ ሚሲሲፒ ትባል ነበር። ጥቁሮች በሆቴሎቹ ወጥ ቤትና ጽዳት ይሠራሉ፤ በፊት በር ገብተው ግን መጫወትም፣ መብላትም፣ መተኛትም አይችሉም። ሳሚ ዴቪስ ጁኒየርና ናት ኪንግ ኮል መድረኩን ካደመቁ በኋላ አልጋ ፍለጋ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወዳለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ወደ ዌስትሳይድ፣ ይሄዱ ነበር። በግንቦት 1955 ሙላን ሩዥ የሚባል፣ ነጭና ጥቁር አብረው የሚገቡበት የመጀመሪያው ትልቅ ካሲኖ በዚያው በዌስትሳይድ አጠገብ ተከፈተ፤ ያን ዓመት እንኳ ሳይጨርስ ተዘጋ።

የሙላን ሩዥን እንግዶች በር ላይ ይቀበል የነበረው ሰው ማን እንደነበር ብዙዎቻችሁ አታውቁ ይሆናል። የቦክስ ሻምፒዮኑ ጆ ሉዊስ ነበር። ጆ ሉዊስ በሰኔ 1935 በኒው ዮርኩ ያንኪ ስታዲየም ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ሲጥል፣ ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ጦሩን እያሰለፈ ነበርና፣ ጥቁር አሜሪካውያን ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን ግጥሚያ አድርገው ቆጥረው በሃርለም ጎዳናዎች ጨፍረዋል። ያኔ እኛ ስለእነሱ ምን ያህል እናውቅ እንደነበር እንጃ፤ እነሱ ግን ስለእኛ ያውቁ ነበር፣ ከእኛም ወገን ቆመው ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም። ያ ሰው ሃያ ዓመት ቆይቶ በዚህች ከተማ በአንድ ካሲኖ በር ላይ ሲቆም፣ ከዚያ በር በስተቀር እንደ እንግዳ የሚገባበት በር እምብዛም አልነበረም።

በሩን የከፈተው የጥርስ ሐኪሙ ጄምስ ማክሚላን ነው። በከተማዋ የጥቁሮች መብት ማኅበር፣ የኤንኤኤሲፒ ቅርንጫፍ፣ ፕሬዚዳንት ነበር። በ1960 መጋቢት ወር ሆቴሎቹ መለያየቱን ካላቆሙ በዋናው ጎዳና ላይ ሰልፍ እንደሚወጣ አስታወቀ፣ ቀኑንም ቆረጠ። የካሲኖ ባለቤቶቹ ስንት ሰው እንደሚወጣ ማወቅ አይችሉም ነበር፤ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ካሜራዎቹ እንደሚመጡና ቱሪስቱ እንደሚሸሽ ነው። ሒሳቡን ሠሩና ተረቱ። መጋቢት 26 ቀን በተዘጋው በሙላን ሩዥ ተሰብስበው ተስማሙ፤ ሰልፉም ሳያስፈልግ ቀረ። በሙያዬ ብዙ ደፋር ውሳኔዎችን አይቻለሁ፣ የዚያን ሐኪም ያህል የባላጋራውን ኪስ አስቀድሞ ያነበበ ግን አላስታውስም። ከባለቤቶቹ ደግነት አልጠበቀም፤ መለያየቱ ከሚያተርፋቸው ይልቅ የሚያከስራቸው እንዲሆን አደረገ።

በበሩ መግባት ግን ሥራ ማግኘት አልነበረም። ዲለርነት ጥሩ ጉርሻ የሚገኝበት ሥራ ስለሆነ ለጥቁር አይሰጥም ነበር፤ በ1971 በፌዴራል ፍርድ ቤት ሆቴሎቹና የሠራተኛ ማኅበራቱ አድልዎውን ለማቆም በውል እስኪገደዱ ድረስ ነገሩ ብዙም አልተነቃነቀም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችሁ ዲለር እንደሆናችሁ፣ ስንቶቻችሁ በዚያ ሥራ ቤት እንደገዛችሁ፣ ልጅ ኮሌጅ እንዳስገባችሁ እኔ አልነግራችሁም። ያን ቬስት ለብሳችሁ የቆማችሁበት ጠረጴዛ በማን ትግል እንደተከፈተ ግን አብረን ልናውቀው ይገባል።

ወደ አገሩ የገባንበት በርም እንዲሁ ነው። በ1924 የወጣው የኮታ ሕግ ለኢትዮጵያ በዓመት 100 ሰው ብቻ ፈቅዶ ነበር። ይህን ሥርዓት ያፈረሰውን ሕግ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጥቅምት 1965 በነጻነት ሐውልት ሥር ፈረሙት፤ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያስከብረውን ሕግ ከፈረሙ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ሁለቱንም ያጸደቀው ያው ኮንግረስ ነው። ዜጎችን በቀለም መለየት ነውር ከሆነ፣ ስደተኞችን በአገር መለየት እንዴት ነውር አይሆንም የሚለው ጥያቄ የተወለደው ከዚያ ትግል ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የ1980ው የስደተኞች ሕግ፣ ቀጥሎም ዲቪን የፈጠረው የ1990ው ሕግ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ በየክርስትናው፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው ስሰማው ስለኖርኩ። እኛም ባዶ እጃችንን መጣን፣ ቋንቋ አልነበረንም፣ ሌሊት ታክሲ ነድተን፣ ቀን ተምረን እዚህ ደረስን፤ እነሱ ምን ይዟቸው ነው? ይባላል። ድካማችሁን ከኔ በላይ የሚያከብር የለም። ነገር ግን ዲቪ ለማግኘት ሁለተኛ ደረጃን መጨረስ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ማሳየት ግዴታ ነው። ከደረሰን በኋላም ቃለ መጠይቁን፣ የሕክምና ምርመራውን፣ ዋስትናውን፣ የአውሮፕላን ቲኬቱን ያለፍነው ቤተሰብ ወይም ወዳጅ ያለን ሰዎች ነን። ከአንድ ሕዝብ መካከል በወንፊት የተነፋን ጥቂቶች፣ ሳይነፋ በሙሉ እዚህ ከተወለደ ሕዝብ ጋር ራሳችንን ስናወዳድር ሒሳቡ አይገጥምም። ደግሞስ፣ በሎተሪ ወጥቶላት የመጣች ማኅበረሰብ ሰው በጥረቱ ብቻ ይለወጣል ብላ ሌላውን ስትገሥጽ ትንሽ አያሳፍርም?

አሜሪካውያኑ ራሳቸው ስለ ዘር የሚያስቡበት መንገድ ጀማሪ ካርታ ተጫዋች የሚያስብበት ነው፤ ሁሌም ከውጤቱ ይነሳሉ። በ2008 ባራክ ኦባማ ሲመረጥ (በነገራችን ላይ በኢሊኖይ ሴኔት ሳለ ፖከር ይጫወት የነበረ፣ ገንዘቡን በቀላሉ የማይጥል ጥንቁቅ ተጫዋች ነው) ዘረኝነት አለቀለት ያሉ ነበሩ። በ2016 ደግሞ አገሩ ሁሉ ዘረኛ ነበር ለካ ተባለ። ቀድሞ በፖከር ይተዳደር የነበረው የምርጫ ትንበያ ባለሙያ ኔት ሲልቨር በምርጫው ዋዜማ ለትራምፕ 29 ከመቶ ያህል እድል ሰጥቶ ነበር፤ ብዙዎች ተሳስቷል ብለው ተሳለቁበት። ሁለት ካርታ ሲቀር ተከታታይ ለመሙላት ከስምንት ካርታ አንዱን የሚጠብቅ ተጫዋች የሚያገኝበት እድል ከ31 ከመቶ ትንሽ ይበልጣል፤ ይህ ለኔ በየምሽቱ የማየው ነገር እንጂ ተአምር አይደለም። ምርጫውን የወሰነው በሦስት ግዛቶች ወደ 78,000 የሚጠጋ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ወደ ሌላ ወገን ቢያጋድል ኖሮ፣ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ያለው ጥላቻም ፍቅርም ያው በሆነ፣ የሚጻፈው ትንታኔ ግን ተገልብጦ በወጣ ነበር።

ይህ የአስተሳሰብ ጉድለት ጋዜጣ ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በሼልቢ ካውንቲ ጉዳይ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ የ1965ቱን የምርጫ ሕግ ዋና ክንድ ቆርጦ ጥሎታል፤ መድልዎ የታየባቸው አካባቢዎች የምርጫ ደንባቸውን ከመለወጣቸው በፊት የፌዴራል መንግሥትን ፈቃድ እንዲጠይቁ ያደርግ የነበረውን ማለቴ ነው። ከተሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው ዘመኑ ተለውጧል፣ ጥቁሮች እንደ ነጮቹ እየተመዘገቡና እየመረጡ ነው የሚል ነበር። ጥበቃው ያስገኘው ውጤት ጥበቃውን ለማንሣት ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ውሳኔው በወጣ በሰዓታት ውስጥ ቴክሳስ ታግዶበት የነበረውን የመራጮች መታወቂያ ሕግ ሥራ ላይ እንደሚያውል አስታወቀ።

ፖለቲከኞቹ ግን ከፍርድ ቤቱ የተሻለ ሒሳብ ያውቃሉ፤ ለክፉም ለደጉም። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን የለየለት ፖከር ወዳድ ነበር፤ ቸርችልን ይዞ በ1946 ወደ ሚዙሪ ሲሄድ በባቡር ላይ ካርታ ይጫወቱ ነበር። በሐምሌ 1948 የደቡብ ተወካዮች የጥቁሮችን መብት ተቃውመው ከዴሞክራት ፓርቲው ጉባኤ ረግጠው በወጡ በቀናት ውስጥ በሠራዊቱ ውስጥ የዘር መለያየት እንዲቀር አዘዘ። በዚያ ኅዳር ማንም ሳይጠብቀው ኦሃዮን፣ ኢሊኖይንና ካሊፎርኒያን ከአንድ ከመቶ ባነሰ ልዩነት አሸነፈ፤ በሦስቱም የጥቁር መራጭ ብዙ ነበር። ሪቻርድ ኒክሰንም በባሕር ኃይል ሳለ በፖከር ያሸነፈውን ገንዘብ በከፊል ለ1946ቱ የመጀመሪያ የምርጫ ዘመቻው ያዋለ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በ1968 ሒሳቡን በተቃራኒው ሠርቶ፣ በመብት ሕጎቹ የተቆጡትን የደቡብ ነጮች ወደ ሪፐብሊካን ፓርቲው ሳበ። ከ1964 ወዲህ የዴሞክራት ፕሬዚዳንታዊ እጩ የነጮችን አብላጫ ድምፅ አግኝቶ አያውቅም። ከሁለቱ ሰዎች የቱ መልካም እንደነበር እናንተ ፍረዱ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱም የቆጠሩት ድምፅ መሆኑ ነው።

በኔቫዳም ድምፅ ይቆጠራል። በ2022 የሴኔት ወንበር እዚህ የተወሰነው በ7,928 ድምፅ ነው። በምርጫ ሰሞን እጩዎቹ ወደ ምግብ ቤቶቻችንና ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ እየመጡ እንጀራ የሚቆርሱት ይህን ስለሚያውቁ ነው። እኛም ስለ ቪዛና ስለ አገር ቤት ጠይቀን፣ ፎቶ ተነሥተን እንሸኛቸዋለን። ስለ ምርጫ ሕግ፣ ሳይከሰሱ ስለሚወሰድ ገንዘብ፣ ስለ ቤት ብድር ስንጠይቅ አልሰማሁም፤ እነዚህ የእነሱ ጉዳዮች ናቸው ብለን ይመስለኛል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግን የእኛ አነጋገር የላቸውም። ፖሊስ ሲያስቆማቸው የሚያለሰልስላቸው ነገር የለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ምርጫ እጩዎቹን ብቻችንን ሳይሆን ከዌስትሳይድ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት ጋር በአንድ መድረክ፣ በአንድ የጥያቄ ዝርዝር እንድንቀበላቸው ለቦርዱ በጽሑፍ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ቦርዱ ገና አልወሰነም፤ አንዳንድ አባላት የራሳችን ጉዳይ ይዋጥብናል የሚል ስጋት እንዳላቸው ገልጸውልኛል፣ ስጋቱም ቀላል አይደለም። የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ቀድሜ መስማት እፈልጋለሁና፣ ማይክሮፎኑ ከኋላ ረድፍ ይጀምር።